የሂዊ ፎርማ

ሮብ ገበያ፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሐምዱ፣

ሳያውቁኝ ስለምጽፍልዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የሺዋስ እባላለሁ፤ የሂዊ አባት ነኝ። ሮብ ገበያ ላይ በርና መስኮት፣ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠራሁ ሠላሳ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ስምዎንና አድራሻዎን ያገኘሁት ልጄ መሳቢያዋ ውስጥ ካስቀመጠቻቸው ከእርስዎ ደብዳቤዎች ላይ ነው። ሳላስፈቅድ ሁሉንም አንብቤያቸዋለሁ። ለዚህም ይቅርታ።

ደብረ ማርቆስ ብሎንና ማጠፊያ የምንገዛባት ባለሱቋ መዲና የእህትዎ ልጅ መሆኗን ያወቅሁትም ከዚያው ነው። ሱቋ ድረስ ሄጄ ለመንኋት፤ ዕቃ ለመጫን አዲስ አበባ ስትመጣ ይህን ወረቀት ታደርስልዎታለች። ስልኩማ እንደሚያውቁት ነው፤ አንድ ቀን ሠርቶ ሳምንት ይጠፋል።

የምጠይቅዎ ስለ እንጨት ነው። ሂዊ ጊታር ልትሠራ ጀምራ ነበር። የጀመረችው ግን ጊታሩን ሳይሆን ጊታሩ የሚሠራባቸውን ነገሮች ይመስለኛል። በሥራ ቤቴ ጥግ አራት ነገሮች ተቀምጠዋል። አንደኛው ከቺፑድ በአራት ድርብ ተጣብቆ የተሠራ፣ ወገቡ የጠበበ፣ ስምንት ቁጥር የመሰለ ባዶ ቅርጽ ነው፤ ከመሃል ለሁለት ይከፈላል፣ በብሎን ይገጠማል። ሁለተኛው ግድግዳ ላይ የታሰረ የውኃ ቱቦ ቁራጭ ነው። ሦስተኛው፣ በአራት ቋሚ ተራርቀው የቆሙ ሁለት ሰፋፊ ጣውላዎች፤ በመካከላቸው የተፈለጠ ቀርከሃ ተከምሯል። አራተኛው እንደ ሳህን ክብ የሆነ፣ መሃሉ በጣም ትንሽ ጎድጎድ ያለ ጣውላ ነው። አላለቀም።

እንጨት አይቼ ለምን እንደተሠራ ማወቅ አቅቶኝ አያውቅም። እነዚህን ሳይ ግን የማላውቀው ሰው ቤት የገባሁ ይመስለኛል። በእኔው ሥራ ቤት፣ በእኔው መጋዝ የተሠሩ ናቸው።

ሂዊ ራሷ ለምን አትጽፍም ይሉ ይሆናል። አሁን ለመጻፍ አይመቻትም። እኔ ልጨርስላት አስቤ ነው። የትኛው ለምን እንደሆነ ቢያስረዱኝ ውለታዎን አልረሳም።

አክባሪዎ
የሺዋስ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ የሺዋስ፣

ደብዳቤዎ ከመዲና የበርበሬ ጆንያ ሥር ወጥቶ ደረሰኝ፤ እያስነጠሰኝ አነበብኩት። ምን ይቅርታ ያስፈልጋል? የሂዊ አባት ለእኔ እንግዳ አይደለም። «አባዬ እንዲህ አለ፣ አባዬ ይህን አይወድም» ያላለችበት ደብዳቤ የለም። ምስማር መምታት እንደሚጠሉ፣ ሁሉን በመሰኪያ እንደሚገጥሙ እንኳ አውቃለሁ። እኔም የሩቅ ሰው አይደለሁም። ደምበጫ ነው የተወለድኩት፤ አባቴ እዚያ ጨርቅ ይነግድ ነበር። እዚህ ከመጣሁ አርባ ዓመት አልፎኛል፤ የተሰበረ ጊታር እጠግናለሁ፣ አንዳንዴም አዲስ እሠራለሁ።

ወደ ጥያቄዎ ልምጣ። የቁም ሣጥን እንጨት ወፍራም ነው፤ ራሱን ችሎ ይቆማል። የጊታር ጎን ግን ውፍረቱ ሁለት ሚሊ ነው፤ ኮላው እስኪደርቅ የሚይዘው ይፈልጋል። ሂዊ የሠራቻቸው መያዣዎች ናቸው። ስምንት ቁጥር የመሰለው ፎርማው ነው፤ የጎበጠው ጎን እዚያ ውስጥ ገብቶ ቅርጹን እንደያዘ ይቀመጣል። ቱቦው ማጉበጫ ነው፤ ውስጡ ፍም ይጨመርና፣ ውኃ ውስጥ ያደረ ስስ እንጨት ላዩ ላይ ቀስ እየተባለ ይታጠፋል። ሁለቱ ጣውላዎች ማስጫኛ ናቸው። ከጊታሩ ፊት ሥር የሚጣበቁት ቀጫጭን ዘንጎች መሃል ላይ ስለሆኑ ሞርሳ አይደርስባቸውም፤ ቀርከሃውን አጉብጠው በላይኛውና በታችኛው ጣውላ መካከል ሲያስገቡት፣ ቀጥ ልበል ብሎ በራሱ ጉልበት ይጫናቸዋል። የቾቄ ሥር ቀርከሃ ለዚህ ሥራ ወደር የለውም።

አራተኛው፣ ጎድጓዳው፣ የጊታሩን ፊትና ጀርባ በጥቂቱ ማጉበጫ ነው፤ እሱን ይተዉት። ተይው ብያት ነበር፤ አልሰማችኝም። ጊታር መሥራት የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው፤ ያየውን መያዣ ሁሉ ሲሠራ ዓመት ያልፍና ጊታሩ ሳይጀመር ይቀራል። ለመጀመሪያው ጊታር ሦስቱ ይበቃሉ። ጎድጓዳው ለአሥረኛው ጊታር ይደርሳል።

ከሁሉ በፊት ፎርማውን ይመርምሩ። የውስጥ ግድግዳው ከፊቱ ጋር በማዕዘን ልክ መቆም አለበት። ሁለቱ ግማሾች እኩል መሆናቸውን ይለኩ። ከዚያ ውስጡን ሻማ ይቀቡት፤ አለዚያ ኮላው ጊታሩን ከፎርማው ጋር ያጣብቅብዎታል፤ እኔ ላይ ደርሷል።

ሂዊን እንዲህ ይበሉልኝ፦ «ሐምዱ ተቀይሞሻል። አባትሽን ጸሐፊ አድርገሽ መቀመጥ ምን የሚሉት ኩራት ነው? ቢያንስ ከወረቀቱ ግርጌ ፈርሚ።»

ወንድምዎ
ሐምዱ


ሮብ ገበያ፣ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ሐምዱ፣

ገናን እንዴት አሳለፋችሁ ይሉ ይሆናል፤ አሳለፍነው።

ፎርማውን መረመርኩት። ግድግዳው ቀጥ ያለ ነው፤ የማዕዘን መለኪያዬን ስምንት ቦታ ላይ አስጠግቼ ብርሃን አላስገባም። ግማሾቹ ግን እኩል አይደሉም። የግራው ሆዱ ላይ አራት ሚሊ ይሰፋል። እዚያው ቦታ ላይ በእርሳስ ጽፋበታለች። እንዲህ ያለ ስህተት ከእኔ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ስህተቱም የእኔ ነው። ላስተካክለው ወይስ ይቅር? እጄ እየበላኝ ነው።

ቱቦውን ሞከርኩት። ዋንዛውን ሁለት ሚሊ አድርጌ ላግኩት፤ ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳደርኩት። የመጀመሪያው ወገቡ ላይ ሲደርስ ቀጭ አለ። ሁለተኛውም። ሠላሳ አራት ዓመት እንጨት ቀጥ ሳደርግ ኖሬ አሁን ማጉበጥ አቃተኝ።

ቀርከሃው ግን የሚገርም ነው። ማስጫኛው ላይ ለሙከራ ሁለት ቁራጭ እንጨት አጣብቄ ነበር፤ በመዶሻ መትቼም አልላቀቅ አሉኝ።

ሰላምታዎን ለሂዊ አድርሼላታለሁ። ዝም ብላ ሰማችኝ።

የሺዋስ


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የሺዋስ፣

ፎርማውን እንዳይነኩት! ከሁሉ በፊት ይህን ጻፍኩ፤ ሌላውን እየተነፈስኩ እጽፋለሁ። አራት ሚሊ ለጊታር ምንም አይደለም። ድምፁ አያውቀውም። ሰው ዓይን ቢገባ እንኳ «የሠራችው ሰው እጅ እዚህ ጋ ነበረ» ከማለት በቀር የሚለው የለውም። ፎርማው የሂዊ ነው፤ እንደሠራችው ይቆይ።

ዋንዛው የሚሰበረው ስለሚገፉት ነው። አይግፉት። ቱቦው ላይ ውኃ ጠብ ሲያደርጉ ጠብታው እየዘለለ ከሸሸ ሙቀቱ ልክ ነው። እንጨቱን አስደግፈው ይጠብቁ፤ እጅዎ ላይ ልስልስ ሲል ይሰማዎታል። ያን ጊዜ ራሱ ይሄዳል፤ እርስዎ መከተል ብቻ ነው። ወገቡን መጀመሪያ፣ ሆዱን ኋላ። የተሰበረውን ደግሞ አይጣሉት፤ ለመለማመጃ ይሆናል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ሽማግሌ ነኝና አይቆጡኝ። ሂዊ ምን ሆናለች? ተድራ ከሆነ ደስ ይለኛል። ታማ ከሆነ ይንገሩኝ፤ እዚህ ሐኪም የሆኑ ዘመዶች አሉኝ። እኔን ተቀይማ ከሆነ ደግሞ ምክንያት አላት፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። መዲናን ስጠይቃት ወሬ ትለውጥብኛለች። ባለቤቴ ረሺዳ «አንድ ነገር አለ» ትለኛለች በየቀኑ።

ሐምዱ


ሮብ ገበያ፣ ጥር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐምዱ፣

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ትናንት ነው። መንገድ ተዘግቶ መዲና አሥር ቀን ደጀን ላይ ቆማ ነበር።

ፎርማውን ነካሁት። በአስተርእዮ ማግስት፣ መልስዎን መጠበቅ አቅቶኝ፣ የግራውን ሆድ በሞረድ ፈግፍጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሽቼ አስተካከልኩት። አሁን ሁለቱ ግማሾች በጸጉር አይበላለጡም። ስጨርስ ደስ አለኝ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ነው የእርሳስ ጽሑፉ መሬት ላይ ካለው ብናኝ ጋር መሄዱን ያስተዋልኩት።

ምን ይል እንደነበር አልነገርኩዎትም። «እዚህ ላይ እጄ ሳተ። አባዬ እንዳያይብኝ» ይል ነበር።

ብናኙን ጠርጌ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀመጥኩት። ምን ያደርጋል፤ ግን አስቀመጥኩት።

ጎኖቹ ጎብጠዋል። እንዳሉኝ ጠበቅሁ፤ እጄ ላይ ልስልስ አለ፣ ሄደ። ፎርማው ውስጥ ናቸው። ጀርባውን ከዚያው ዋንዛ አወጣሁት። ለአንገቱም ዋንዛ፣ ጣት ለሚሄድበት ወይራ አዘጋጅቻለሁ። አንገቱ ላይ የሚሰኩትን ብረቶች ቦታ ለመቁረጥ የመጋዝ መምሪያ ሣጥን ሠራሁ፤ ርቀቱን ከሰጧት ወረቀት ላይ ቀዳሁት።

ስለጠየቁኝ ነገር ሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። መዲናን አይውቀሷት።

የሺዋስ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ፣

መዲናን ትናንት አስቀምጬ ጠየቅኋት። «አጎቴ፣ እንዳትናገሪ ተብያለሁ» አለችና አለቀሰች። ልቅሶዋ ነገረኝ።

ነፍሷን ይማርልኝ። ፈጣሪ እርስዎንና እናቷን ያጽናችሁ። ይህን ስጽፍ ምን እንደምል አላውቅም። ጥቅምት ላይ ያረፈችን ልጅ፣ «ኩራት» እያልኩ ስወቅስ ሁለት ወር ሙሉ ቆየሁ። «ሰላምታዎን አድርሼላታለሁ፣ ዝም ብላ ሰማችኝ» ብለው የጻፉልኝን ደግሜ አነበብኩት። የት ሆነው እንደነገሯት አሁን ገባኝ።

እኔም የምነግርዎ አለኝ፤ ሳልናገር ብቀር አይወጣልኝም። ነሐሴ ላይ «ጋሽ ሐምዱ፣ ልምጣና ሱቅዎን እየጠረግሁ ልማር» ብላ ጽፋልኝ ነበር። «መጀመሪያ ሦስቱን መያዣ ሠርተሽ ጨርሺ፣ ያለ እነሱ ብትመጪ ዋጋ የለውም» አልኳት። ውሸት ነበር። ፎርማ እኔ ዘንድ ስድስት ተሰቅሏል፤ ቱቦም ማስጫኛም አለኝ። በመጣችበት ቀን ሥራ ትጀምር ነበር። እውነቱ፣ ሱቄ ፈርሶብኝ ነበር። ሠፈሩ ሲነሣ የእኔም ተነሣ። የቤቴ መተላለፊያ ላይ አንድ ጠረጴዛ ዘርግቼ ነበር የምሠራው፤ ሰው ሲያልፍ እየተነሣሁለት። ባለሙያ ነኝ እያልኩ ስጽፍላት ለኖርኩ ልጅ ያንን ማሳየት አፈርኩ። ለማቆየት ብዬ ሥራ ሰጠኋት። እርስዎ እዚያ የተቀመጡበት ሥራ፣ ቱቦውም ፎርማውም፣ የእኔ ሰበብ ነው።

መዲና «ከጉንደ ወይን ስትመለስ የተሳፈረችበት አይሱዙ ተገልብጦ» ብቻ ነው ያለችኝ። ለምን እንደሄደች አታውቅም። እኔ ግን የጻፍኩላትን አልረሳሁም፤ እፈራለሁ። ምን ልታመጣ ሄዳ ነበር?

ሐምዱ


ሮብ ገበያ፣ የካቲት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐምዱ፣

ምን ልታመጣ ሄዳ ነበር ብለዋል። ጽድ።

«ለጊታሩ ፊት፣ ከፈረሰ ቤት የወጣ፣ ብዙ ዘመን የደረቀ የጽድ በር ፈልጊ» ብለው የጻፉላትን መሳቢያዋ ውስጥ አገኘሁት። የአርባዋ ዕለት ነው ያገኘሁት። ያነበብኩት ጊዜ ጠላሁዎ። ያ የመጀመሪያ ደብዳቤ እርስዎን ለመርገም የተጀመረ ነበር። «ልጄን የላክሃት አንተ ነህ» ብዬ ጽፌ ቀደድኩት። ደግሜ ጻፍኩ፤ ደግሜ ቀደድኩ። ቀና ስል ፎርማውን አየሁት። ከዚያ በኋላ ብዕሬ የጻፈው ስለ ፎርማው ብቻ ሆነ። ለምን እንደቀደድኩት ልንገርዎ፤ ይህን ሚስቴ ሥራነሽና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው።

ጣሪያዬ ሥር ደረቅ ጽድ ነበረኝ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከአሮጌ ቤት የወጣ፣ ጉጥ የሌለው፣ ሲላግ እንደ ሰም የሚለሰልስ። ለራሴ ሣጥን ያስቀመጥኩት ነው። አናጢ ሰው የሚቀበርበትን እንጨት በጊዜው ቢያዘጋጅ ነውር የለውም፤ እኛ ቤት ይሣቅበት ነበር። ጥቅምት 12 ማክሰኞ ዕለት መጥታ ከአጠገቤ ቆመች።

«አባዬ፣ ከዚያ ጽድ ትንሽ ስጠኝ። ለጊታሩ ፊት።»

«ከዚያስ?» አልኳት።

«ከዚያማ ጊታሩን ይዤ ጋሽ ሐምዱ ጋ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው እዚያው ፈልጊ። ያ የእኔ መተኛ ነው፤ ለአዲስ አበባ መሄጃሽ አልቆርጠውም።»

«አንተ ደግሞ! ገና መቼ ልትሞት?» ብላ ሣቀች። እኔ አልሣቅሁም። አኮረፍኩ። ማክሰኞ፣ ሮብ፣ ሐሙስ አላናገርኳትም። አርብ ጉንደ ወይን አሮጌ ቤት ፈረሰ የሚል ሰምታ ሄደች።

ማታውን አመጧት። ሣጥኗን ሌላ አናጢ እንዳይሠራ አልኩ። ጽዱን ከጣሪያ አወረድኩት። ለእኔ ልክ የተቆረጠ ነበርና ለእሷ ረዘመ። የተረፈውን ክንድ የሚያህል ቁራጭ እጄ ላይ ይዤ ቆምኩ። የጠየቀችኝ ያንን ያህል ነበር፤ ከዚያም የሚያንስ።

ስለዚህ ራስዎን አይክሰሱ። እርስዎ ጽድ ፈልጊ አሉ፤ ጽዱ እቤቷ ነበር።

ያመጣችው ሳንቃ ጠፍቶ ነበር። አደጋው ከደረሰበት መታጠፊያ አጠገብ የሚኖር እንዳላማው የሚባል ገበሬ ከገደል ሥር አንሥቶ አቆይቶት፣ ስሟና አገሯ በእርሳስ ተጽፎበት ስላየ፣ ሦስት ሳምንት አፈላልጎ በጫንቃው ይዞልኝ መጣ። ሥራነሽ ግቢ እንዳይገባ አለች። ከሥራ ቤቱ ጀርባ በቆርቆሮ ሸፍኜ አኖርኩት። ባለፈው ሰኞ አወጣሁት፣ ለሁለት ሰነጠቅሁት፣ እንደ መጽሐፍ ገልጬ ገጠምኩት። ጥሩ እንጨት ነው። መምረጥ ታውቅበት ነበር። የጊታሩ ፊት እሱ ነው፤ ዘንጎቹ ተጣብቀው ማስጫኛው ውስጥ አድሯል።

የሺዋስ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ የሺዋስ፣

ከመዲና ጋር ክሮቹን፣ ማጥበቂያዎቹንና የአንገቱን ብረቶች ልኬልዎታለሁ። ክሩን በአንድ ጊዜ አያጥብቁት፤ ሁለት ቀን እየተመለሱ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ።

ከዚህ ጋር ሌላ ፖስታ አለ። የሂዊ ነው። የመጨረሻ ደብዳቤዋ። ያን አርብ ጠዋት በደብረ ማርቆስ ስታልፍ ለመዲና ሰጥታት፣ በጥቅምት መጨረሻ ደርሶኛል። መጀመሪያ ያልነገርኩዎ እሷው እንዳልናገር ስለለመነችኝ ነው። ማረፏን ከሰማሁ በኋላ ያልነገርኩዎ ግን ፈርቼ ነው። ረሺዳ «ሰውየው ያለውን ያህል ይበቃዋል፣ አቃጥለው» አለችኝ። ልታቃጥለው ክብሪት አመጣች፤ እኔ ነጠቅኋት። በማግስቱ እኔ ላቃጥል አሰብኩ፤ እሷ ከለከለችኝ። የልጅዎን እጅ ጽሑፍ አንድ ጊዜ አጥተዋል። ሁለተኛ እንዲያጡ ማድረግ አልቻልኩም።

ሳይቀመጡ አያንብቡት። እናቷም አጠገብዎ ትሁን።

ሐምዱ


(በፖስታው ውስጥ)

ሮብ ገበያ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017

ጋሽ ሐምዱ፣ ሰላም ነው? እማማ ረሺዳስ? ጉንፋኗ ተሻላት?

አይቆጡኝ እንጂ ልነግርዎ የምፈልገው አለ። አልመጣም። ለአባዬ እሄዳለሁ እያልኩ አፌን ሞልቼ ስናገር ከርሜ፣ ዛሬ ጠዋት ሳስበው አልችልም። አባዬ ዓይኑ እየደከመ ነው። ለማንም አልተናገረም፤ እማዬም አታውቅም። መስመሩን በጥፍሩ እየዳበሰ ነው የሚፈልገው። ባለፈው የአንዲት ሙሽራ ቁም ሣጥን በር አጣሞ ገጠመ። እሱ ያጣምማል ብለው ያምናሉ? ምሳ ሲሄድ ፈትቼ አስተካከልኩት፤ ተመልሶ ሲያየው «ይኸውልሽ፣ እንዲህ ነው በር» አለኝ። አዎ አባዬ አልኩት። እኔ ብሄድ ማን ያስተካክልለታል?

አሁን ተኳርፈናል። ትናንት አንድ ነገር ጠይቄው ከለከለኝ፤ እኔም በሣቅ አናደድኩት። ልክ ነበር፤ የሰው መቀበሪያ ተጠይቆ ይሰጣል እንዴ? ንዴቱ ሲበርድለት አልሄድም እለዋለሁ። እስከዚያ ለማንም እንዳይናገሩ፤ ከእኔ አፍ እንዲሰማው ነው የምፈልገው፤ ፊቱን ማየት አለብኝ።

ጊታሩን ግን እዚሁ እሠራዋለሁ። ጎድጓዳውንም እጨርሰዋለሁ፤ ለአሥረኛው ብለው የለ? አሥር እሠራለሁ። አርብ ጉንደ ወይን ደርሼ እመጣለሁ።

ሂዊ


ሮብ ገበያ፣ ሚያዝያ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ሐምዱ፣

ደብዳቤው ደርሶኛል። ደግ አደረጉ፤ ወይም አላደረጉም፤ ገና አላወቅሁትም። ሌላ ሰው ሳይሆን እርስዎ ስለላኩት ግን አመሰግናለሁ።

ቀኑን አሥር ጊዜ አየሁት። ጥቅምት 13። የከለከልኳት 12 ነው። አንድ ሌሊት ብቻ አድራ ይቅር ብላኛለች። እኔ እስከ አርብ አኩርፌ ስቀመጥ፣ እሷ የምትጠብቀው ቀና ብዬ እንዳያት ነበር።

አርብ ጠዋት የሥራ ቤቱ በር ላይ ቆማ «አባዬ» ብላኛለች። ሰምቻለሁ። መላጊያዬን አላቆምኩም። «ስመለስ የምነግርህ ነገር አለ» አለች። የመሄጃ ቀኗን ልትነግረኝ መስሎኝ መላጊያውን አጠንክሬ ገፋሁት፤ ድምፁ እንዲሸፍናት። ትንሽ ቆመች። ቀና ስል የለችም። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

የዓይኔም ነገር እውነት ነው። የሙሽራዋን ቁም ሣጥን አስታውሳለሁ። ኮርቼበት ነበር።

ጊታሩ አልቋል። ክሩን እንዳሉኝ ቀስ በቀስ አጠበቅሁት። ድምፁ እንዴት ነው ይሉ ይሆናል። መመዘን አልችልም፤ አንዱን ክር በአውራ ጣቴ ነካሁትና እንጨቱ በሆዴ ላይ ሲንቀጠቀጥ ጊዜ አስቀመጥኩት። ዳግመኛ አልነካሁትም። ከመዲና ጋር ልኬልዎታለሁ፤ በሥራነሽ ብርድ ልብስ ጠቅልለነዋል። ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ እንዲለብስ አልፈልግም። መጫወት ለሚችል ሰው ይስጡት። የማን እንደነበረ አይንገሩት፤ ሰውየው ፈርቶ እንዳይጫወትበት።

ደብዳቤውን እንዳዘዙኝ ሥራነሽን አስቀምጬ አነበብኩላት። ስጨርስ «ድገምልኝ» አለች። ደገምኩላት። «ድገምልኝ» አለች። በሦስተኛው ወረቀቱን ማየት አላስፈለገኝም። ስለ ጽዱ ገና በልቅሶው ቤት ነግሬያት ነበርና፣ ከቀብሩ ወዲህ ምግቤን አቅርባ ማድቤት ገብታ ነበር የምትበላው። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ አንድም ቀን አብራኝ አልተቀመጠችም። ያን ዕለት ሽሮውን አውጥታ አቀረበችና፣ በርጩማውን ስባ ከፊት ለፊቴ ተቀመጠች። እጃችንን ታጠብን። «ልትቀር ኖሯል» አለች። «አዎ» አልኳት።

ሁለታችንም አልጎረስንም። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ፣ የእንጀራው ዳር እስኪደርቅ እንደዚያው ተቀመጥን፤ ማናችንም ቀድሞ መነሣት አልፈለግንም።

የሺዋስ